የባለወስፌው ቋጠሮ

ያሳሰረኝ አንድ ቃል ነው፤ እሱም የአማርኛ አይደለም። "ሀምበግ" የሚል የቆየ እንግሊዝኛ፣ ባለቤቶቹ እንግሊዞች እንኳ ዛሬ ብዙም የማያነሱት ቃል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሌላው ሰው ቴምብር እንደሚሰበስበው እኔ አሮጌ ቃላት እሰበስባለሁ፤ ማንንም የማይጎዳ አመል ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ባለሥልጣን መርካቶ ውስጥ ሱቃቸው ለሚፈርስባቸው ነጋዴዎች ሲናገር የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ጀመር። ሁለት ጊዜ አየሁት። ሰውየው አንድም ውሸት አልተናገረም። "ይታያል፣ ይታሰብበታል፣ በሂደት ላይ ነው" ነው ያለው። ነጋዴዎቹ አጨበጨቡለት። እኔም ከቪዲዮው ሥር "ሀምበግ" ብዬ ጻፍኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን መሳለሚያ ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች በግራና በቀኜ ቆሙ። "ቲቸር፣ ለአምስት ደቂቃ ፈልገንህ ነበር" አለኝ አንደኛው በትሕትና። አምስቷ ደቂቃ ሦስት ወር ከሃያ ቀን ፈጀች።

የታሰርኩበት ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ከሃያ በላይ ጥንድ ጫማ ማሰሪያው ወጥቶ በሩ ሥር ተደርድሯል። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ የላብ፣ የሽንት ባልዲና የበርበሬ። በርበሬው የኛ አይደለም። ግቢውን ከገበያው የሚለየው አንድ ግንብ ብቻ ስለሆነ፣ ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ የመርካቶ ሽታና ጫጫታ ቀኑን ሙሉ ይገባል። ተሸካሚዎች "ዘወር በል!" እያሉ ሲጮሁ ሳላስበው ዘወር እል ነበር።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ በስልክ ስርቆት የተጠረጠረ ረጅም ሰው ነው። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ምን አድርገህ ነው?"

"አንድ ቃል ጽፌ።"

"ስድብ ነው?"

"ስድብ ቢሆንማ ይሻለኝ ነበር።"

ክፍሉ ሳቀ። ከጥግ አንድ ሽበታም ሰው ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ና ቲቸር፣ እዚህ ጋ ግባ። አብሽር፣ ሁሉም ያልፋል" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን አደርን።

እኔ ጋሼ እላቸው ነበር፤ ክፍሉ ግን "ባለወስፌው" ነበር የሚላቸው። ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ እህል በረንዳ ውስጥ የጆንያ አፍ በወስፌና በሲባጎ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥፋታቸው በአንድ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ማውጣታቸው ነው። "ሌላ ቦታ እስኪሰጠን እህሉን ዝናብ ላይ ነው የምናቆየው?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ቅስቀሳ ተባለ።

በሳምንቱ መርማሪው አስጠራኝ። ጥሩ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከኔ የሚያንስ ወጣት ነው። የጻፍኩትን አትሞ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ከቦታል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማታለል ማለት ነው። የድሮ ቃል ነው።"

"ለማታለል ስንት የታወቀ ቃል እያለ ለምን ይሄን መረጥክ? ኮድ ነው?"

"ኮድ አይደለም። ከሌላው ማታለል ትንሽ ይለያል። ሰውየው ውሸት ሳይናገር ነው የሚያታልለው። ባዶውን ነገር ሙሉ አስመስሎ ያቀርበዋል።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። "ውሸት ከሌለ ማታለሉ የት አለ?"

የማስተማር አባዜ አለብኝ። ምሳሌ እያመጣሁ ላስረዳው ሞከርኩ፤ የትም አላደረሰኝም። በመጨረሻ አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠኝና "ትርጉሙን ጽፈህ ፈርምበት" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቀናት አለፉ፣ ምንም አልጻፍኩም። የምጽፈው ሁሉ ተመልሶ እኔኑ የሚከስ ሆነብኝ።

እስር ቤት ውስጥ ትልቁ ሥራ ቀኑን መግፋት ነው። ጋሼ ቀኑን የሚገፉት በቋጠሮ ነበር። ምሳቸውን ሚስታቸው በየቀኑ በብረት ምሳ ዕቃ፣ በአሮጌ አረንጓዴ ሻሿ ጠቅልላ ታመጣለች። ሲባጎ አይገባም፤ አንገት ማነቂያ ይሆናል ተብሎ ተከልክሏል። ጋሼ በልተው ዕቃውን አጥበው ሲጨርሱ የሻሹን ጫፎች በራሳቸው አቋጣጠር ቋጥረው ይመልሱላታል። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ጆንያ ሰፊ ሁሉ የራሱ ቋጠሮ አለው፣ እንደ ፊርማ በለው" አሉኝ። "እኔ የሰፋሁት ጆንያ ድሬዳዋ ሲደርስ ነጋዴው መጀመሪያ ቋጠሮውን ያያል። የኔ ከሆነ መንገድ ላይ እጅ አልገባበትም ማለት ነው። ይረከባል፣ አበቃ።"

"ሌላ ሰው አስመስሎ ቢቋጥረውስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "የኛን ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን አያደርግም። ወላሂ ነውር ነው።"

ከዚያ ግን አስተማሩኝ። የሸሚዜን እጀታ እየቋጠርኩ እየፈታሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ግራው በቀኙ ላይ ያልፋል፣ ከሥር ዞሮ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ጫፉ ወደ ውስጥ ይቀበራል። "ጫፏን ቅበራት ቲቸር። ጫፏ ከታየች ቋጠሮ አይደለችም" እያሉ እጄን በእጃቸው ይመሩኛል። ጣቶቻቸው በሲባጎ ተበልተው እንደ ቆዳ ጠንክረዋል። በተሳካልኝ ቀን ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበልኝ፤ ካቦው ሳይቀር።

የስንቅን ነገር ያልታሰረ ሰው ላያውቀው ይችላል። በዚያ ጊዜ ቤተሰብ እኛን ማየት ተከልክሎ ነበር። ምግቡን በር ላይ ያለችው ፖሊስ በማንኪያ ታማስለዋለች፣ ላመጣው ሰው ታስቀምሰዋለች፣ ከዚያ በየስማችን እየተጠራን እንቀበላለን። ባዶው ዕቃ ሲመለስ ፈትተው አያዩትም፤ ነቅነቅ አድርገው ይሰጡታል። ውጭ ለቆመው ቤተሰብ ያ ባዶ ዕቃ ደብዳቤ ነው። ሰውየው አለ፣ ደህና ነው፣ በልቷል ማለት ነው። የጋሼ ሚስት ደግሞ ከባዶው ዕቃ ይልቅ ቋጠሮውን ነበር የምታየው።

ከምግቡ ጋር በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ነጭ ክኒን ትመጣለች። ጋሼ የደም ግፊት አለባቸው። ከአንድ ቀን በላይ የሚሆን መድኃኒት ማስገባት ስለማይፈቀድ ሚስታቸው በየቀኑ አንዳንድ ታመጣለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ጋሼን ጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ!" አላቸው። ይህ አባባል ለሚፈታውም ወደ ሌላ ቦታ ለሚዛወረውም ያው ነው፤ አውቀው ይሁን ሳያውቁ ልዩነቱን አይነግሩህም። ጋሼ መፈታት ነው ብለው ተቀበሉት። ፊታቸው በራ። ብርድ ልብሳቸውን ለኔ ጣሉልኝና "ስትወጣ እህል በረንዳ ና። ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል" ብለውኝ ወጡ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ቀናሁባቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ስማቸው ተጠራ። አረንጓዴው ሻሽ በበሩ ቀዳዳ በኩል ገባ።

"ወጥቷል እኮ! ጠዋት ወሰዳችሁት" አለ ካቦው።

ፖሊሱ ሄደ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። "ተቀበሉ ተብሏል። ብሉና ዕቃውን መልሱ።"

"የት ነው የወሰዳችኋቸው?" አልኩ እኔ።

"ተዛውሯል። ለጊዜው ነው፤ በር ላይ ሴቶቹ እንዳይንጫጩ ነው። ደግሞ አንተ ምን አገባህ ቲቸር?"

በላን። እውነቱን ልናገር፣ ምስር ወጡ ጣፍጦ ነበር፤ ለሃያ ምናምን ሰው ሁለት ሁለት ጉርሻ ደረሰ። ከዕቃው ክዳን ውስጥ ክኒኗ ቀረች። እኔ አነሳኋትና የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኳት። ለምን እንዳነሳኋት በጊዜው አላሰብኩም፤ ለመጣል ግን እጄ አልታዘዘኝም። ካቦው ዕቃውን አጥቦ ሻሹን እንደነገሩ ቋጥሮ አስወጣው።

ብዙ ሳይቆይ ዕቃው ተመልሶ መጣ። ፖሊሱ ላብ አጥምቆታል። "ማነው የቋጠረው ትላለች ሴትየዋ። ከበሩ ንቅንቅ አልልም ብላለች።"

ካቦው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው።

"ቲቸር ይችላል" አለ ካቦው።

ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሐሙስ በዋስ እንደምትወጣ መርማሪው ነግሮኛል። በዚህ ሳምንት ግርግር አይፈልግም። አሁን ብልጥ ሁን።"

ሐሙስ ሦስት ቀን ብቻ ነው የቀረው። እናቴ በሽተኛ ናት፣ ደመወዜ ተቋርጧል፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኳቸው። ሻሹን ተቀበልኩ። ግራውን በቀኙ ላይ አሳለፍኩ፣ ከሥር አዙሬ አወጣሁ፣ ጫፉን ቀበርኩ። ፖሊሱ ይዞት ሄደ።

"አየችውና ሄደች" አለን ሲመለስ። እፎይ ያለ ይመስል ነበር። እኔም እፎይ አልኩ፤ ያሳፍራል፣ ግን አልኩ።

ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕም እንዲሁ። ሰው ለራሱ የሚነግረው ሰበብ አያጣም። ምናልባት የተሻለ ቦታ ይሆናል የወሰዷቸው፤ ምናልባት እዚያ መድኃኒት ይሰጧቸዋል፤ ሴትየዋስ ብታውቅ ምን ታደርጋለች፣ መጨነቅ ብቻ አይደል እያልኩ ቋጠርኩ። ረቡዕ ዕለት ቋጠሮው ከሁሉም ቀን ይበልጥ አምሮ ወጣልኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ረቡዕ ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ።

"ጻፍክ?"

"አልጻፍኩም።"

"አታስቸግር እንግዲህ፣ ነገ ትወጣለህ። ቃሉ ትርጉም የለውም፣ ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት ብለህ ጻፍ። ውሸት በሌለበት ማታለል የለም። እንደዚህ ብለህ ፈርምና ፋይሉን ልዝጋው።"

ሻዩን ጠጣሁ። ስኳሩ በዛብኝ። ነገ ጠዋት እንደማመጣለት ቃል ገብቼ ወደ ክፍል ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀቱ ገና ነጭ ነበር። ምሳ ሰዓት ሆነና አረንጓዴው ሻሽ ገባ። የዚያን ቀን ፖሊሱ መልእክትም ይዞ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ስንቅ አቀበለን።

"ክኒኑን እንዳይዘል በሉት ብላለች ሚስትየው። ከዘለለ ያዞረዋል፣ ይወድቅብኛል ትላለች።"

ሄደ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሦስት ነበሩ። አራተኛዋ ክዳኑ ውስጥ ናት። ይህቺ ሴት አራት ቀን ሙሉ በር ላይ የቆመችው ለእነዚህ ክኒኖች ነበር። ባሏ የትም ይሁን የት መድኃኒት እንደሌለው የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እሷ ደግሞ በኔ እጅ ተረጋግታ በየቀኑ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማንም አልዋሻትም። ፖሊሷ "አለ" አላለቻትም፣ ካቦው አንድ ቃል አልተነፈሰም፣ እኔም እንደዚሁ። በቃ ባዶ ዕቃ ነው የመለስንላት። ለመርማሪው ላስረዳው ያልቻልኩትን ነገር ሦስት ቀን ስሠራው ከርሜያለሁ። በራሴ ላይ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ምግቡን ሌሎቹ በሉ። እኔ አልበላሁም። ዕቃውን አጠብኩ፣ አደረቅኩ። አራቱን ክኒኖች ሲነቀነቁ እንዳይንኳኩ በእንጀራ ቁራሽ ጠቅልዬ ዕቃው ሥር ለጠፍኳቸው። ምግቡን እስረኛ ሁሉ ይበላዋል፤ ክኒኑን ከባሏ ሌላ የሚውጠው እንደሌለ ታውቃለች። ቋጠሮውን ደግሞ ልክ እንደ ጋሼ አድርጌ ቋጠርኩት፣ በሩ ላይ እንዳይጠረጠር። ካቦው ከፊቴ ቆሞ ሁሉን ያይ ነበር። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ዞሮ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁና ጻፍኩ። "ሀምበግ ማለት የሌለን ሰው ስንቅ ተቀብሎ ባዶ ዕቃ መመለስ ነው።" ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ላኩለት።

መርማሪው ከሰዓት አስጠራኝና እፊቴ ሁለት ጊዜ አነበበው። በጥፊ ይመታኛል ብዬ ነበር። አራት አድርጎ አጠፈውና ከፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ከሸሚዙ ኪስ ከተተው። "ውሰዱት" አለ ብቻ። የኔ ሐሙስ አለፈ። ሌሎች ብዙ ሐሙሶችም አለፉ።

አርብ ጠዋት ከግንቡ ማዶ የሴት ድምፅ ሰማን። "ባሌን የት አደረሳችሁት? አራት ቀን ሙሉ ማንን ነው ያበላሁት?" ትል ነበር። ከዚያ ሁለተኛ ሴት፣ ከዚያ ብዙ ሴቶች፤ ሁሉም የየራሳቸውን ሰው ስም እየጠሩ "አሳዩን" ይላሉ። ካቦው በዚያው ዕለት ካቦነቱን ተነጠቀ። እኔን ከሽንት ባልዲው አጠገብ አዛወሩኝ። ጋሼ የት እንደደረሱ ግን የነገረን የለም።

እንደወጣሁ ሦስት ቀን ቤት ተኛሁ። በአራተኛው እህል በረንዳ ሄድኩ። ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል እንዳሉኝ፣ የመጀመሪያው የጠየቅኩት ተሸካሚ በአገጩ አመለከተኝ።

ጋሼ የጤፍ ጆንያ ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፏል፣ አይንቀሳቀስም። የአፋቸው አንድ ጎን ወርዷል። ሲያዩኝ በቀረው ጎን ሳቁ።

"ቲቸር! አልሀምዱሊላህ፣ ወጣህ!" ምላሳቸው ይከብዳል። "ና፣ ና። ይህችውልህ ባለቤቴ።"

ሚስታቸው አጠገባቸው ቆማ የጆንያ አፍ እየሰፋች ነበር። ወስፌው በእጇ ነው። አረንጓዴውን ሻሽ አስራዋለች።

"ይሄ ነው የነገርኩሽ ቲቸር፣ ቋጠሮዬን ያስተማርኩት" አሏት። ከዚያ የልጅ ሳቅ ሳቁ። "አየሽ አይደል? አንቺን እንኳ አሳስቶሽ! ሠላሳ ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ አልለየሽውም! ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ወላሂ።"

እሷ አልሳቀችም። ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰካችና አየችኝ። ቁጣ ፊቷ ላይ ፈለግኩ፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለኝ ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርታ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ማክሰኞ ነው የወደቀው" አለችኝ። "አርብ ፈልጌ ደረስኩበት። ሐኪሙ፣ በወደቀበት ቀን ብታመጪው ኖሮ እጁ ይተርፍ ነበር አለኝ።"

ጋሼ አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። "እስቲ አሳያት ቲቸር። ይቺን ቋጥራት፣ እኔም ልይ" አሉኝ።

እንቢ ልላቸው አልቻልኩም። የሲባጎውን ጫፍ ያዝኩ። ግራውን በቀኙ ላይ፣ ከሥር ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ። እጄ አልረሳም። ጋሼ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩና "የኔ ነው፣ ራሱ የኔ ነው!" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እሷ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ረጋ ብላ ተመለከተችው። በወስፌው ጫፍ ሰርስራ ፈታችው። ከዚያ ያንኑ ቋጠሮ፣ ሳትቸኩል፣ ራሷ እንደገና ቋጠረችውና ተሸካሚውን ጠራች።

ይህ ከሆነ ዓመት አለፈው። ትምህርት ቤቱ መልሶ ቀጥሮኛል። ተማሪዎቼ ስለ አሮጌ ቃላት ሲጠይቁኝ መዝገበ ቃላት እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ መዝገበ ቃላቱ ይሻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል በረንዳ እሄዳለሁ። የጆንያውን አፍ ግጥም አድርጌ እይዝላታለሁ፣ እሷ ትሰፋለች፣ ጋሼ ያወራሉ። ስለዚያ ሳምንት ተናግረን አናውቅም። አልፎ አልፎ ጋሼ "ቲቸር ይቋጥር እንጂ!" ሲሏት እሺ ትላለች፣ እኔም እቋጥራለሁ። እስካሁን ግን እኔ የቋጠርኩት አንድም ጆንያ ከዚያ በረንዳ አልወጣም።